ሐኪም ወርቅነህ ስንት ጊዜ ተመለሱ?

ከተመረቅን ወዲህ የኛ ዙር ልጆች በአካልም ሆነ በስልክ ስንገናኝ ሁለት ጥያቄዎች አይቀሩም። አገር ቤት ያለው ውጭ ያለውን፣ መቼ ነው የምትመጣው ይለዋል። ውጭ ያለው ደግሞ አገር ቤት ያለውን፣ እስካሁን እንዴት አልወጣህም ይለዋል። ሁለቱም የሚጠየቁት በቀልድ ነው፤ ሁለቱም ያማሉ። እኔ ውጭ ካሉት ወገን ነኝ። አርባን ካለፍኩ ወዲህ ታዲያ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደ ድሮው በሳቅ ማለፍ አቅቶኛል። የመጽሔቱ አዘጋጆች ከሙያችን ታሪክ አንድ ሰው መርጠሽ ጻፊልን ሲሉኝ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን የመረጥኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ስማቸውን ያልሰማ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ዘመናዊ ሕክምና የተማሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው እየተባለ በየምረቃው ንግግር ይነሳሉ። ታሪካቸውም ባጭሩ ይነገራል፤ ሕፃን ሳሉ ተወሰዱ፣ በውጭ አገር ተማሩ፣ ተመልሰው አገራቸውን አገለገሉ። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ሦስተኛው ነው። ተመልሰው በምትለው አንዲት ቃል ውስጥ ሃያ ዓመት ተውጧል። እኛ ደግሞ ያለነው ልክ እዚያ ሃያ ዓመት ውስጥ ነው።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወርቅነህ የተወለደው በ1860ዎቹ አጋማሽ ጎንደር ውስጥ ነው። እስኪመረቁ ድረስ አንተ ብላቸው ይቅርታ ይደረግልኝ፤ የሦስት ዓመት ልጅን አንቱ ማለት ምላሴን ይይዘዋል። አባቱ ነጋድራስ እሸቴ ይባላሉ። ቤተሰቡ አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ካሰባሰቡት ሕዝብ ጋር አምባው ላይ ነበር። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሰብሮ ሲገባ፣ ንጉሡም እጅ አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሲሞቱ፣ በዚያ ግርግር መሐል ልጁ ከዘመዶቹ ተለይቶ ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል መኮንን አንስቶ ወደ ሕንድ ወሰደው። ቻምበርሌን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ቻርለስ ማርቲን ተብሎ አደገ።

ከዚያው አምባ የተወሰደውን ሌላውን ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁን፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። እንግሊዝ አገር አድጎ በ18 ዓመቱ እዚያው አረፈ። ግን ዓለማየሁ የማን ልጅ እንደሆነ ዓለም ሁሉ ያውቅ ነበር። የነጋድራስ እሸቴን ልጅ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም፤ ቢጠየቅም መልስ አልነበረውም። ሐበሻ መሆኑን እንጂ ስሙን እንኳ አያውቅም ነበር።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሮ ላሆር ሕክምና ኮሌጅ ገባና በ1882 ተመረቀ። ዕድሜው ገና አሥራ ስምንት ገደማ ነበር፤ የኛ ልጆች ማትሪክ በሚፈተኑበት ዕድሜ ማለት ነው። በሕንድ ውስጥ በረዳት ሐኪምነት ተቀጠሩ። (እንግዲህ ከዚህ ወዲያ አንቱ ናቸው።) በላሆር ዲፕሎማ ግን የሚደረስበት ቦታ የተወሰነ ነበር። ከፍ ለማለት በገዢዎቹ አገር መፈተን ያስፈልጋል። ስለዚህ ወደ ስኮትላንድ ሄደው ከኤዲንብራ የሕክምና ፈቃድ አገኙ። ይህን የሕይወታቸውን ክፍል ውጭ ለምንሠራ ሐኪሞች ማብራራት አያስፈልግም። አገርህ ላይ አክመህ፣ አዋልደህ፣ ሌሊት ዲውቲ አድረህ ስታበቃ፣ ሐኪም መሆንህን ለሌላ አገር ቦርድ እንደገና ከሀ ጀምረህ ማስረዳት። እኔ ሁለተኛውን ፈተና የተቀመጥኩት የመጀመሪያ ልጄን እያጠባሁ ነበር፤ ላሆርና ኤዲንብራ የሚሉትን ስሞች ሳነብ መጀመሪያ የታየኝ የዚያ ጊዜ ድካም ነው።

በ1890ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዞች በያዟት በርማ፣ ዛሬ ምያንማር በምትባለው፣ የመንግሥት ሐኪም ሆኑ። ደመወዙ የተረጋገጠ ነው፣ ማዕረግ አለው፣ መጨረሻው ላይ ጡረታ አለው። እዚያው ኖረው እዚያው ቢሞቱ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ማን ይወቅሳቸዋል? የሚያውቃቸው ዘመድ የለ።

ከዚያ ዓድዋ ሆነ። በመጋቢት 1896 የኢትዮጵያ ጦር የጣሊያንን ጦር ድል መምታቱ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ወጣ። ዶክተር ማርቲን ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሐበሻነታቸው እንደ ጠባሳ ነው፤ አለ፣ አይሠራበትም። ከዓድዋ በኋላ ግን አገሪቱን ማየት ፈለጉ። ልብ በሉ፣ ሥራቸውን አልለቀቁም። ፈቃድ ወስደው ነው የመጡት። በኤደንና በዘይላ አድርገው፣ በሐረር በኩል አልፈው በ1899 አዲስ አበባ ደረሱ። ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማየት ጀመሩ። ወሬው ከተማውን አዳርሶ ከከተማውም ወጣ፤ ሐበሻ የሆነ፣ በልጅነቱ ከመቅደላ የተወሰደ ሐኪም መጥቷል ተባለ።

ወሬው አያታቸው ጆሮ ደረሰ። አሮጊቷ መጡ። እኚህ ሱፍ ልብስ የለበሱ፣ አማርኛ የማይናገሩ ሰው የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን ያረጋገጡት ሰውነታቸው ላይ ባሉ የልጅነት ጠባሳዎች ነበር፤ አንዱ ክንድ ላይ፣ አንዱ እግር ላይ። ስምህ ወርቅነህ ነው አሏቸው፣ የአባታቸውንም ስም ነገሯቸው። እኛ ጠባሳ በቀን ስንት ጊዜ እናያለን፤ የቀዶ ጥገና ነው፣ የቃጠሎ ነው ብለን ካርድ ላይ እንጽፋለን። እዚህ ላይ ግን መርማሪዋ አያት ናቸው፣ ተመርማሪው ዶክተር። ዶክተሩ የአያታቸውን ቃል የሚሰሙት ደግሞ በአስተርጓሚ ነው። ከሁሉ በላይ ይህ ነው ልቤን የሚነካው። የራስን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በትርጉም መስማት እንዴት ያለ ነገር ነው!

ተረት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፤ ጠፍቶ ተገኘ ተብሎ፣ ጠጅ ተጥሎ። ሐኪም ወርቅነህ ግን ወደ በርማ ተመልሰው ሄዱ። ሥራቸው እዚያ ነበር። ይህን በየመድረኩ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ታሪኩን የሚያበላሽ መስሎ ስለሚታይ ይመስለኛል። ለኔ ግን ታሪኩን የሚያቃናው እሱ ነው። ስማቸውን አገኙ፣ አያታቸውን አገኙ፣ እንዲያም ሆኖ ኑሯቸው በበርማ ደመወዝ ላይ ቆመ። ሰው በአንድ ጊዜ አይመለስም። ቢያንስ ልጅ ያለው ሰው አይመለስም።

በ1908 ሁለተኛ ጊዜ መጡ። አርባን አልፈዋል፤ አሁን እኔ ያለሁበት ዕድሜ ነው። አመጣጣቸው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ነበር። አፄ ምኒልክ በሽታ ጸንቶባቸው ሳለ ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱም ሆኑ። አገራቸው ላይ ናቸው፣ ደመወዛቸው ግን ከባዕድ ነው፤ ለፈረንጁ ሐበሻ፣ ለሐበሻው ፈረንጅ። የንጉሥ ሕመም ፖለቲካ በሆነበት ቤተ መንግሥት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው በጥርጣሬ ቢታይ አይገርምም። አሁንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ በርማ ተመለሱ። ከአገልግሎታቸው ጡረታ ወጥተው ለመኖር የመጡት በ1919 ነው። ሃምሳ አምስት ዓመት ሊሞላቸው ነበር።

እኔም የጡረታ ዓመቴን መቁጠር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ዘንድሮ ከአገር ቤት አንድ የማስተማር ግብዣ ደርሶኛል፤ የምሠራበት ሆስፒታልም ውሌን ለማደስ ወረቀት ልኮልኛል። ሁለቱም ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ወርቅነህ በርማ ላይ ጡረታቸውን እስኪያስከብሩ መጠበቃቸውን አንዳንድ ሰው ስስት ይለው ይሆናል። እኔ አልለውም። ሃያ ዓመት ደጅ ጠንቶ፣ ማንንም ሳይለምን የሚኖርበትን ገቢ ይዞ መግባት፣ ለተጠረጠረ ሰው ነፃነት ነው። ጌታ የሌለው ሰው በዚያ ዘመን ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። ዛሬስ?

አሁን ደግሞ ለኛ ለሐኪሞች የሚከብደውን ልንገራችሁ። ሐኪም ወርቅነህ ለመኖር ከመጡ በኋላ ስማቸው የቀረበት ሥራ ሕክምና አይደለም። ማከም ጨርሰው ተዉ ማለቴ አይደለም፤ ሐኪም የሚለው መጠሪያም እስከ መጨረሻው ከስማቸው አልተለየም። ግን ምንድን ነው የጎደለው ብለው ሲያዩ፣ ከአንድ ድንኳን ውስጥ በቀን የሚታዩት በሽተኞች ቁጥር መልስ አልሆነላቸውም መሰል። የአዲስ አበባን ፍልውሃ ለሕዝብ መታጠቢያ በማደራጀት ሠሩ። በ1925 ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊው እሳቸው ሆኑ። ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ጋር ሆነው ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ማስተማሪያ አቋቋሙ። ለተማሪዎችም የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው አሳተሙ። አያታቸውን በአስተርጓሚ ያነጋገሩት ሰው ማለት ናቸው፣ በአማርኛ መጽሐፍ የጻፉት። በሠላሳ ዓመት የጀመሩት ቋንቋ ነው። ልጆቼ አማርኛ አልያዝ አላቸው እያልን የምናማርር ወላጆች ይህችን ብንይዛት ደስ ይለኛል።

በ1927 የጣናን ግድብ ጉዳይ ይዘው ወደ አሜሪካ ተላኩ፤ ከኒውዮርኩ ጄ ጂ ዋይት ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። እግረ መንገዳቸውንም ሐርለም ወርደው ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። በ1930 ደግሞ የጨርጨር ገዢ ሆነው አሰበ ተፈሪ ገቡ። ጨርጨር ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ ግዛት ነበር፤ መንገድ ይወጣ፣ ሹሙም ከገበሬው ላይ ሳይሆን ከደመወዝ ይብላ ተባለ። ስድሳ አምስት ዓመት የሆነው ሐኪም አውራጃ ያስተዳድራል! ሙያ ማባከን ነው የምትሉ አትጠፉም። እኔ ግን አንድ ወረዳ ላይ የሠራ ጠቅላላ ሐኪም የሚረዳው ይመስለኛል። ተቅማጥ ስታክም ትከርማለህ፣ ቀስ በቀስ የምታስበው ስለ ውሃው ይሆናል፤ ከውሃው ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ ሹሙ።

በ1935 በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ጣሊያን ሲወር ሕፃን ሳሉ በወሰዳቸው መንግሥት ከተማ፣ በዚያው መንግሥት ቋንቋ፣ ለአገራቸው ሲከራከሩና ገንዘብ ሲያሰባስቡ ከረሙ። በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩ ሁለት ልጆቻቸው፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ ለመዋጋት ወደ ኢትዮጵያ መጡ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ በምዕራብ ከተሰባሰቡት የተማሩ አርበኞች ጋር ሆኑ። የማኅበሩ ስም ጥቁር አንበሳ ነበር፤ እኛ ስሙን በየጠዋቱ በሆስፒታላችን በር ስንገባ ነው የምናውቀው። በ1937 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣሊያኖች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ሲፈጁ ሁለቱም ወንድማማቾች ተገደሉ። አባታቸው በስደት ላይ ነበሩ።

እኔና ባለቤቴ ስለ መመለስ ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ቤት ኪራይ ነው። የሐኪም ወርቅነህን ሕይወት እዚህ ድረስ ሳነብ የሒሳብ ደብተሩ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ታየኝ። መመለሳቸው ልጆቻቸውን አገር ያላቸው ልጆች አደረጋቸው። ያ አገር ደግሞ ወሰዳቸው። ይህን የትኛው ዓምድ ላይ እንደምጽፈው ግራ ገብቶኝ ወረቀቶቹን እስካሁን አልፈረምኩባቸውም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1942፣ ሐኪም ወርቅነህ ከስደት ወደ አዲስ አበባ ገቡ። በኔ ቆጠራ ይህ አራተኛው መመለስ ነው። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሊጠጋ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አልሄዱም። በ1952 አዲስ አበባ ላይ አረፉ።