ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ዘመድ አልባው የሕክምና ተማሪ

በአገራችን የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ በተነሣ ቁጥር፣ በሙያው ሠልጥነው በሐኪምነት የታወቁት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ መሆናቸው ለማኅበራችን አባሎች እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ስለ ሹመታቸውና ስለ አገልግሎታቸው የሚነገረውን ያህል፣ ለዚያ ስላበቃቸው የተማሪነት ዘመን ሲነገር አይሰማም። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚያ ላይ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ እሸቴ ይባሉ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን አምባ ሲይዝ፣ ገና ሕፃን የነበሩት ወርቅነህ በግርግሩ መካከል ከወገን ተለይተው ተገኙ። ቻምበርሊን የተባለ ኮሎኔል አንሥቶ ወደ ህንድ አገር ወሰዳቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ይህ ሰው በመሞቱ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ አሳዳጊ ቀሩ። ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርታቸውን ወጪ ለመክፈል ባይፈቅድ ኖሮ ታሪካቸው እዚያው ላይ በተቋጨ ነበር። ቻርልስ ማርቲን እየተባሉ ለረጅም ጊዜ የተጠሩትም ከዚሁ የተነሣ ነው።

በራዋልፒንዲና በአምሪትሳር በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ከተማሩ በኋላ ላሆር ከነበረው የሕክምና ኮሌጅ ገቡ። በኮሌጁ ሳሉ የገጠማቸው ችግር ጥናቱ ራሱ ብቻ አልነበረም። ዕረፍት ሲሆን የሚመለሱበት የወላጅ ቤት፣ ቢታመሙ የሚጠይቃቸው ዘመድ፣ ገንዘብ ቢያጥራቸው የሚበደሩት የአገር ልጅ አልነበራቸውም። አፍ የፈቱበት አማርኛ ከአእምሯቸው ጠፍቷል፤ ህንዶቹም ሆኑ እንግሊዞቹ ወገኖቻቸው አልነበሩም። በዚህ ሁሉ መካከል ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ። በዚያ ጊዜ ዕድሜያቸው ከ17 ዓመት ብዙም አይበልጥም ነበር።

ነገር ግን ምረቃው የመንገዱ መጨረሻ አልሆነም። በዚያ ዘመን በህንድ አገር ከፍተኛውን የሕክምና አገልግሎት ለመቀላቀል የሚያበቃው ፈተና የሚሰጠው በለንደን ስለ ነበር፣ እዚያው ህንድ ውስጥ የተማረ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ በረዳትነት ደረጃ ተወስኖ ይቀር ነበር። ሐኪም ወርቅነህም ለጥቂት ዓመታት በዚሁ ደረጃ ካገለገሉ በኋላ፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው እንደ ገና ተማሪ ሆኑ። ደመወዝ ከለመዱ በኋላ ወደ ተማሪ ወንበር መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል። በኤድንበርግ ተፈትነው የሐኪምነት ፈቃዳቸውን ካገኙ በኋላ በበርማ ተመድበው ሠሩ።

የዐድዋ ድል ዜና በ1888 ዓ.ም. ሲሰማ ልባቸው ወደ አገራቸው አዘነበለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ደርሰው ድንኳን ተክለው ሕመምተኛ ማከም ጀመሩ። አያታቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረው የልጅነት ጠባሳ ለይተው ባወቋቸው ጊዜ፣ ከ30 ዓመት በኋላ ዘመድ አገኙ። ከአያታቸው ጋር የሚነጋገሩት ግን በአስተርጓሚ ነበር። ስለዚህ ጎልማሳው ሐኪም የገዛ ቋንቋቸውን ከፊደል ጀምረው ተማሩ። ይህ ትምህርት የቱን ያህል እንደ ሠመረላቸው፣ በ1920 ዓ.ም. በአማርኛ ያሳተሙት የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ ይመሰክራል።

በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መርተዋል፤ ጨርጨርን አስተዳድረዋል፤ በጠላት ወረራ ጊዜም በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። ሆኖም ኀዘን አልተለያቸውም። ምህንድስና ያስተማሯቸው ሁለት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በየካቲት 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደሉ። እሳቸውም በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ ጽናት ብቻውን ሁሉን ይችላል ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። የሐኪም ወርቅነህ ብርታት እጅግ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ወሳኝ በሆነው ሰዓት የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈለ ሰው ባይኖር ፍሬ ለማፍራት ባልበቃ ነበር። ዛሬ ወጣቶች ለትምህርት ብለው ከሩቅ ገጠር ተነሥተው ዘመድ ወደሌላቸው ከተማ ይሄዳሉ። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረው በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚማረውም፣ በቡታጅራ ሆስፒታል ከእኛው ባልደረቦች ጎን ቆሞ ሙያ የሚለምደውም ቋንቋውን የማያውቅ፣ የወር ወጪውን የሚልክለት የሌለው ሊሆን ይችላል። ተማሪው በጥናቱ እንዲጸና የምንመክረውን ያህል፣ እኛም የሚጎድለውን ጠይቀን ብንደርስለት ለቀዳሚው ባልደረባችን የሚገባውን መታሰቢያ አቆምን ማለት ነው።