ሥርዓተ ጽሕፈት እንደ ታሪክ ማስረጃ፦ የጄ. አር. አር. ቶልኪን ሕይወትና የፈጠራ ፊደላቱ ንባብ

መግቢያ

ፋንታሲ በሚባለው ምናባዊ ልቦለድ ውስጥ የሚገኙ የፈጠራ ፊደላት ብዙውን ጊዜ የሚታዩት እንደ ጌጥ፣ ቢበዛም እንደ እንቆቅልሽ ነው። አንባቢው እያንዳንዱን ምልክት በሚያውቀው ሆሄ ከተካ በኋላ ጽሑፉን እንደፈታው ይቆጥራል። ይህ አጭር ጽሑፍ የእንግሊዛዊውን የፊሎሎጂ ምሁርና ደራሲ የጆን ሮናልድ ሩኤል ቶልኪንን ሕይወት በመከተል፣ ይህ አመለካከት ለምን በቂ እንዳልሆነ ለማሳየት ይሞክራል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው፦ ቶልኪን አንድ ሥርዓተ ጽሕፈት የተጠቃሚዎቹን ታሪክ ተሸክሞ እንደሚዘልቅ ከሙያው ተረድቶ ነበር፤ የፈጠራቸው ፊደላትም በዚሁ ግንዛቤ የተቀረጹ በመሆናቸው እነርሱን መፍታት ማን፣ ለማን፣ በየትኛው የአጻጻፍ ልማድ እንደጻፈ መመርመርን ይጠይቃል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የመጀመሪያው ፊደል

ቶልኪን ጃንዋሪ 3 ቀን 1892 በዛሬዪቱ ደቡብ አፍሪካ፣ ብሉምፎንቴይን በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ አርተር የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበር። በ1895 እናቱ ሜብል እርሱንና ታናሽ ወንድሙን ይዛ ወደ እንግሊዝ ተመለሰች፤ በዚያው በደቡብ አፍሪካ የቀረው አባቱም በ1896 ሞተ። እናቲቱ ልጆቿን በበርሚንግሃም አቅራቢያ በምትገኝ የገጠር መንደር አኑራ ራሷ አስተማረቻቸው። የላቲንና የፈረንሳይኛ መሠረት ያገኘው ከእርሷ ነው። የእጅ ጽሑፏ ያማረ ስለነበር የቁም ጽሕፈት ፍቅርንም ያወረሰችው እርሷ ናት። በ1904 በስኳር በሽታ ስትሞት ልጇ ገና አሥራ ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ከዚያ በኋላ ወንድማማቾቹን በሞግዚትነት የተረከቡት አባ ፍራንሲስ ሞርጋን የተባሉ የካቶሊክ ካህን ናቸው።

ቶልኪን በትምህርት ቤት ሳለ ከግሪክና ከላቲን አልፎ ጥንታዊ እንግሊዝኛንና ጎቲክን በራሱ ተነሣሽነት ማጥናት ጀመረ። ከአክስቱ ልጆች ጋር ደግሞ የጨዋታ ቋንቋዎችን ፈጠረ። ከፈጠራቸው ፊደላት ሁሉ ቀዳሚው ምሳሌ የሚገኘው በ1909 ባዘጋጀው ትንሽ ደብተር ውስጥ ነው። ደብተሩ በኤስፔራንቶና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ለስካውት ጨዋታ የሚሆን የግል የምስጢር ፊደል ይዟል። ለቡድን አባላት ብቻ የሚገለጥ በመሆኑ ይህ የመጀመሪያ ሙከራ ገና ምስጢራዊ ኮድ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ የት እንደደረሰ ማየት የቀጣዮቹን ዓመታት ትርጉም ግልጽ ያደርገዋል።

በ1911 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ትምህርቱን የጀመረው በግሪክና በላቲን ሥነ ጽሑፍ ቢሆንም በ1913 ወደ እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተዛውሮ በ1915 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ።

ጦርነት፣ ምልክትና የግል ማስታወሻ

ቶልኪን በማርች 1916 ኤዲት ብራትን አገባና በጁን ወር ወደ ፈረንሳይ ዘመተ። የተመደበው በሻለቃው የመገናኛ መኮንንነት ነበር። የሞርስ ምልክት፣ ባንዲራ፣ የብርሃን መብራትና መልእክተኛ እርግብ የዕለት ተዕለት መሣሪያዎቹ ሆኑ። ከባለቤቱም ጋር በደብዳቤዎቹ ላይ በሚያኖራቸው ነጥቦች ያለበትን ስፍራ የሚያሳውቅበት የምስጢር ስምምነት ነበራቸው፤ ሳንሱሩ ቦታ መጥቀስን ስለሚከለክል በቤቷ የተሰቀለው ካርታ የተሞላው በእነዚህ ነጥቦች ነው። ከአራቱ የትምህርት ቤት ባልንጀሮች መካከል ሁለቱ፣ ሮበርት ጊልሰንና ጄፍሪ ስሚዝ፣ በዚያው ዓመት ሞቱ። እርሱም በምሽግ ትኩሳት ታሞ በኖቬምበር ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1919 በኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሥራ ተቀጥሮ በደብልዩ ሆሄ የሚጀምሩ ቃላትን አመጣጥ ያጠና ጀመር። በዚሁ ዓመት የግል ማስታወሻውን የጻፈው ሩሚል በተባለ ልቦለዳዊ ጠቢብ ስም በሰየመው አዲስ ፊደል ነበር። ማስታወሻውን እየጻፈ ሳለም የሆሄያቱን ቅርጽና ድምፅ በየጊዜው ይለዋውጥ ነበር። ብቸኛ ተጠቃሚው ፈጣሪው ስለሆነ ለውጡን የሚገታ የጋራ ልማድ አልነበረውም። ለዛሬው ተመራማሪ ይህ ችግር ነው፤ በአንድ ወር ጽሑፍ ላይ የተሠራ የሆሄ ሠንጠረዥ ለሌላው ወር ላይሠራ ይችላል። ቶልኪን በኋላ ለልቦለዱ ፊደላት ተናጋሪ ሕዝቦችን፣ የጽሕፈት ትምህርት ቤቶችንና የዘመናት ታሪክን መስጠቱ በዚህ አንጻር ሲታይ ትርጉም አለው። ፊደል እንዲነበብ የሚስማማበት ማኅበረሰብ ያስፈልገዋልና።

የምሁሩ ሥራ፦ ከሆሄ ወደ ማኅበረሰብ

በ1920 በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ከባልደረባው ኢ. ቪ. ጎርደን ጋር ያዘጋጀው የመካከለኛው ዘመን ግጥም የተመሳከረ እትም በ1925 ታተመ። በዚያው ዓመት በኦክስፎርድ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ።

ለርእሳችን እጅግ የሚጠቅመው በ1929 ያሳተመው ጥናት ነው። በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተጻፉ ሁለት የብራና ጽሑፎችን ሲያመሳክር የተለያዩ ቁም ጸሐፊዎች ሥራ ሆነው ሳለ በሰዋስውም ሆነ በሆሄያት አጠቃቀም ፍጹም እንደሚስማሙ አስተዋለ። ይህን ያህል ስምምነት በአጋጣሚ ሊገኝ እንደማይችልም ተከራከረ። በምዕራብ እንግሊዝ አንድ የጽሕፈት ማዕከል ነበር፤ በዚያም ከኖርማኖች ድል በኋላ እንኳ እንግሊዝኛ በሥርዓት ይጻፍና ይማር ነበር ማለት ነው። አንድ የሆሄ አጠቃቀም ልማድ የጠፋ የምሁራን ማኅበረሰብን ህልውና አስመሰከረ። የግእዝ ብራናዎችን የሚያጠና ሰው ይህን ዘዴ ያውቀዋል። የሰና የሠ፣ የአና የዐ፣ የሀ፣ የሐና የኀ አጠባበቅ ወይም መደበላለቅ ስለ ጽሑፉ ዘመንና ስለ ቁም ጸሐፊው ትምህርት ይናገራልና።

ሁለተኛው ጥናት ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚነካ ነው። በ1932 እና በ1934 «ሜዲየም ኤቩም» በተባለው መጽሔት በሁለት ክፍል የታተመው ይህ ጽሑፍ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ጸሐፍት ኢትዮጵያውያንን የሚጠሩበትን ሲጌልሄርዋን የተሰኘ ቃል ይመረምራል። ላቲኑን ወይም ግሪኩን በውሰት መውሰድ ሲችሉ እንግሊዛውያን ለምን የራሳቸውን ቃል ተጠቀሙ? ቶልኪን ቃሉን ለሁለት ከፍሎ የመጀመሪያውን ክፍል ከፀሐይና ከዕንቁ ስያሜዎች፣ ሁለተኛውን ደግሞ ከሰል የሚል ትርጉም ካለው የጎቲክ ቃል ጋር አዛመደ። ቃሉ ስለ ኢትዮጵያ ከመሰማቱ በፊት በሰሜኑ አረማዊ ተረት ውስጥ የነበሩ፣ እንደ ጥላሸት የጠቆሩና ዓይናቸው እሳት የሚተፋ ፍጡራንን ሳይሰይም እንዳልቀረም ገመተ። ይህ ግምት ግን እስከ መጨረሻው ሊረጋገጥ እንደማይችል አልሸሸገም። የቃሉ ሆሄያት አንድ በአንድ ይነበባሉ፤ ትርጉሙም በአገባቡ ይታወቃል። ጠፍቶ የቀረው ቃሉን የወለደው ዓለም ነው። ይህ ጥናት የሩቅ ሕዝብ ስም በሌሎች አፍ እንዴት እንደተቀረጸ የሚያሳይ በመሆኑ በእኛም ዘንድ ከፍ ያለ ትኩረት ይገባዋል።

የፌአኖር ፊደላት አወቃቀር

ቶልኪን የሩሚልን ፊደል ለዓመታት እያሻሻለ በ1930ዎቹ ቴንጓር የተባለውን ዋነኛ ፊደሉን አደራጀ፤ በልቦለዱም ፌአኖር ለተባለ የኤልፎች ጠቢብ ሰጠው። ሃያ አራቱ መሠረታዊ ሆሄያት የሚዋቀሩት ከቋሚ መስመርና ከቅስት ነው። በአራት ተከታታይ ረድፎችና በስድስት እርከኖች ይመደባሉ። በስፋት በሚሠራበት አጠቃቀም ረድፉ የድምፁን መካነ ፍጥረት ያሳያል፤ ቅስቱ ሲደገም ድምፁ ነዛሪ ይሆናል፤ ቋሚው ወደ ላይ ሲነሣ እግዱ ድምፅ ወደ ሹልክልክ ይለወጣል። አናባቢዎች ብዙውን ጊዜ በተነባቢው ላይ በሚቀመጡ ነጥቦችና ጭረቶች ይመለከታሉ።

በተጽዕኖ የተያያዙ ናቸው ባይባልም፣ የአማርኛ አንባቢ ለዚህ አሠራር ባዕድ አይደለም። ከሰ ሸን፣ ከተ ቸን፣ ከነ ኘን፣ ከደ ጀን፣ ከዘ ዠን ያስገኘው ከራስ ላይ የተጨመረ ጭረት ነው፤ በአምስቱም ጥንዶች ጭረቱ የሚያመለክተው አንድ ዓይነት የድምፅ ለውጥ ነው። አናባቢን በተነባቢው ቅርጽ ላይ ማሳየትም የፊደላችን ጠባይ ነው። ልዩነቱ ቶልኪን ዝምድናውን በሁሉም ሆሄያት ላይ በእኩል ማስፈኑ ነው።

ፊደሉ ግን አንድ ቋሚ ንባብ የለውም። አንዱ ሆሄ በአንድ ልማድ ደ ተብሎ ሲነበብ በኴንያ ቋንቋ ልማድ ንድ ይሆናል። ሌላው በአንዱ ር ሲሆን በሌላው ን ነው። ኴንያ ቃላቱ በአብዛኛው በአናባቢ ስለሚያልቁ ምልክቱ ከፊቱ በቀደመው ተነባቢ ላይ ያርፋል፤ ቃላቱ በተነባቢ በሚያልቁት በሲንዳሪን ግን በሚከተለው ተነባቢ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ፈቺው ሆሄውን ከማንበቡ በፊት ልማዱን መለየት አለበት። በ1929 ጥናት ላይ ያየነው ሐሳብ እዚህ በፈጠራ ሥራ ውስጥ ተመልሶ ይገኛል።

በልቦለዶቹ ውስጥ የመፍታት ሦስት ደረጃዎች

«ዘ ሆቢት» በሴፕቴምበር 1937 ሲታተም በካርታውና በሽፋኑ ላይ የጥንት እንግሊዛውያን ሩኖች ነበሩ። የተጻፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ታታሪ አንባቢ ሊፈታቸው ይችል ነበር። በጃንዋሪ 1939 የብሪታንያ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጦርነት ቢነሣ በምስጢራዊ መልእክት ፈቺነት ያገለግል እንደሆነ ቶልኪንን ጠይቆት ተስማማ፤ በማርችም አጭር ሥልጠና ወሰደ። በኦክቶበር ግን ለጊዜው እንደማይፈለግ ተነገረው። ጊዜውንም ለማስተማርና «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ለተባለው ረጅም ልቦለዱ አዋለ።

የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ቅጽ በጁላይ 1954፣ የመጨረሻው በኦክቶበር 1955 ወጣ። የሆሄያቱን ሠንጠረዥ የያዘው አባሪ የሚገኘው በመጨረሻው ቅጽ ስለሆነ የቀደሙት አንባቢያን ለአሥራ አምስት ወራት ያህል ያለ መፍቻ ቆዩ። በሥራው ውስጥ ሦስት የመፍታት ደረጃዎችን መለየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ያልታወቀ ፊደልና የታወቀ ቋንቋ ነው። በርእስ ገጹ ላይና ግርጌ የሚታዩት መስመሮች በሁለት የፈጠራ ፊደላት የተጻፉ እንግሊዝኛ ናቸው። አንዳንድ ተደጋጋሚ ቃላት በአንድ ሆሄ ብቻ ስለሚወከሉ ግን የሆሄያትን ድግግሞሽ መቁጠር ብቻውን ያሳስታል። ሁለተኛው የታወቀ ፊደልና ባዕድ ቋንቋ ነው። በቀለበቱ ላይ የተቀረጸው በኤልፎች ሆሄያት ቢሆንም ቋንቋው የጠላታቸው ነው። ሆሄያቱ ውብ መሆናቸው ስለ ይዘቱ ዋስትና አይሰጥም።

ሦስተኛው ደረጃ ጥልቅ ነው። በሞሪያ በር ላይ ያለውን ጽሑፍ ጠቢቡ ጋንዳልፍ ያለ ችግር ያነባል፤ ቋንቋውንም ያውቃል። ሆኖም ወዳጅ የሚለውን ቃል ለአንባቢው የቀረበ ጥሪ አድርጎ ስለወሰደው ቃሉ ራሱ የበሩ መክፈቻ መሆኑን ሳይረዳ ይቆያል። ጽሑፉ የተቀረጸው መተማመን በነበረበት ዘመን ነው፤ አንባቢው ግን የመጣው ከጥርጣሬ ዘመን ነው። ስሕተቱ ከፊደልም ከሰዋስውም የመጣ አይደለም፤ የጸሐፊዎቹን ኑሮ ከመርሳት የመጣ ነው።

ቶልኪን ይህን መለኪያ በራሱም ላይ አውሎታል። ከድዋርፎች መዝገብ የተረፉ ለማስመሰል ሦስት ገጾችን አቃጥሎና ቀዳዶ በጥንቃቄ ሠርቶ ነበር፤ በኅትመት ወጪ ምክንያት ግን በመጀመሪያው እትም አልገቡም። በኋላ ሲያስበው ገጾቹ በእንግሊዝኛ መጻፋቸው ስሕተት ሆኖ ታየው። ልቦለዱ ከጥንት ቋንቋ እንደተተረጎመ ከተነገረ ዋናው ሰነድ እንግሊዝኛ ሊሆን አይችልምና።

የመጨረሻ ዓመታትና ማጠቃለያ

ቶልኪን በ1945 ወደ ሌላ የፕሮፌሰርነት ወንበር ተዛውሮ በ1959 በጡረታ ተሰናበተ። ባለቤቱ በ1971፣ እርሱም ሴፕቴምበር 2 ቀን 1973 ዐረፉ። በኦክስፎርድ በሚገኘው የጋራ መቃብራቸው ላይ ከልቦለዱ የተወሰዱ ሁለት ስሞች፣ ሉቲየንና ቤረን፣ ተቀርጸዋል። ያልታተሙ ጽሑፎቹን ልጁ ክሪስቶፈር አሰናድቶ አወጣ። የፊደላቱን የእጅ ጽሑፍ ሰነዶች ደግሞ «ፓርማ ኤልዳላምበሮን» የተባለው መጽሔት በተከታታይ ሲያትም ቆይቷል፤ የሩሚል ፊደል ሰነዶች የታተሙት በ2001 ነው።

ከዚህ የሕይወት ታሪክ ለተመራማሪዎች ሁለት ነጥቦች ይገኛሉ። በመጀመሪያ፣ የፈጠራ ጽሕፈትን የሚያጠና ሰው ከሆሄ ሠንጠረዥ አስቀድሞ ጽሑፉ የየትኛው ልማድ እንደሆነና ጸሐፊው ማን ተደርጎ እንደቀረበ መጠየቅ ይኖርበታል። በሁለተኛ ደረጃ፣ የቶልኪን ልቦለድና የቶልኪን ፊሎሎጂ በተለያየ መደርደሪያ ቢቀመጡም በአንድ ዘዴ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ለማንበብ የብራና ጥናትን ልማድ የሚያውቅ፣ ሆሄን በድምፅ ዝምድና ማየት የለመደ የአገራችን ተመራማሪ ጥሩ መነሻ አለው። የሲጌልሄርዋን ጥናት በአማርኛ ተተርጉሞ ከኢትዮጵያ ስም ታሪክ ጋር ቢመረመር ለዚህ ሥራ ተገቢ ጅማሬ ይሆናል።