አንቷን ዳባዲ፤ የብራና መጻሕፍት ሰብሳቢ

ሰው የሚሰበስበው ነገር ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዱ ቴምብር፣ ሌላው የጥንት ገንዘብ ይሰበስባል። በቻይና በቺንግ ነገሥታት ዘመን ሱረት ይያዝባቸው የነበሩትን ትንንሽ የብርጭቆና የከበረ ድንጋይ ብልቃጦች ብቻ ሲፈልጉ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎችም አሉ። ዛሬ ታሪኩን የምናወራለት ፈረንሳዊ አንቷን ዳባዲ ግን የሰበሰበው የእኛን አገር የብራና መጻሕፍት ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዳባዲ በ1810 በአየርላንድ አገር በዳብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ በፈረንሳይ አብዮት ምክንያት ከባስክ አገር የተሰደደ ሰው ሲሆን እናቱ አየርላንዳዊት ነበረች። ኋላ ቤተ ሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። በ1836 የምድርን የማግኔት ኃይል እንዲመረምር የሳይንስ አካዳሚ ወደ ብራዚል ላከው። በ1838 ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ላይ ከመርከብ ወረደ፤ በመካከል ወደ አውሮፓ ደርሶ ከመመለሱ በቀር እስከ 1848 ድረስ በአገራችን ተቀመጠ።

የሁለቱ ወንድማማቾች ጠባይ የተለያየ ነበረ። አርኖ ወደ ጎጃም መጥቶ የደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ባለሟል ሆነ፤ ከሠራዊታቸውም ጋር ዘመተ። አንቷን ግን የአገር ልብስ ለብሶ ከሊቃውንት ጋር ይውል ነበረ፤ ተራራ ይለካል፣ ኮከብ ይቈጥራል፣ ቋንቋ ይማራል። በ1843 ከጎጃም አባይን ተሻግሮ በጉድሩ በኩል ኢናርያ ደረሰ። ድልድይ በሌለበት በዚያ ዘመን መሻገር ምን ያህል ድካም እንደ ነበረ፣ ከደጀን ቁልቁል የአባይን በረሃ ያየ ሁሉ ሊገምተው ይችላል። የነጭ አባይን ምንጭ በጊቤ በኩል አገኘሁ ብሎ ማመኑ ግን ስሕተት ነበረ፤ በዚህም ነገር ከእንግሊዛዊው ከቻርልስ ቢክ ጋር ብዙ ተከራከረ።

ወደ መጻሕፍቱ እንመለስ። በዚያ ጊዜ መጽሐፍ ከሱቅ አይገዛም። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ፣ በመቃ ብዕር በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ አንዱን ትልቅ መጽሐፍ ለመጨረስ ብዙ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ባለቤቱ መጽሐፉን የሰረቀውን ወይም ስሙን የፋቀውን የሚያወግዝ ግዝት ያስጽፍበት ነበረ። ዳባዲ አንዳንዱን በገንዘብ ገዛ፤ ሌላውን በጸሐፊ አስገለበጠ። በትግራይ በጉንዳ ጉንዴ ገዳም የሄርማስ ኖላዊን የግዕዝ ትርጓሜ ያገኘው እንዲህ ሲፈልግ ነው። በግሪክኛ የተጻፈው ሙሉው መጽሐፍ አልተረፈምና የግዕዙ መገኘት ለሊቃውንት ትልቅ ነገር ሆነ። ዳባዲ ግልባጩን ይዞ ሄዶ በ1860 በላይፕዚግ አሳተመው፤ ዋናው መጽሐፍ ግን በገዳሙ ቀረ።

በ1859 የ234 መጻሕፍቱን ዝርዝር በፓሪስ አሳተመ። እያንዳንዱ መጽሐፍ ምን እንደሚል፣ ምን ያህል እንደሚሆን ጽፎአል። እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ሥራው ይህ ነው፤ ያልተመዘገበ ስብስብ ሣጥን ውስጥ እንደ ተቀበረ ይቈጠራልና። መጻሕፍቱ ከአገር መውጣታቸው ያሳዝናል፤ ሸጠው የሰጡትን ሰዎች ችግርም ማሰብ ይገባል። ነገር ግን ይህንን በ1868 በመቅደላ ከሆነው ጋር ማስተካከል አይቻልም። በዚያ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ያከማቹትን የእንግሊዝ ጦር ዘረፈ፤ በደላንታም ሜዳ በጨረታ ሸጠ። 350 የሚያህሉት መጻሕፍት ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ። የአንዱ በግዢና በግልባጭ፣ የሌላው በጠመንጃ ነው።

ዳባዲ ከተመለሰ በኋላም አማርኛን አልተወም። በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በአንዳይ ከተማ ከባሕር ዳር ባሠራው ግንብ ቤት ግድግዳዎች ላይ የኢትዮጵያ ሥዕሎችን አሥሎአል፤ በልዩ ልዩ ቋንቋም አጽፎአል። ከሁሉ የሚያስገርመው የግብር ቤቱ ነው። በየወንበሩ ጀርባ አንድ አንድ የእኛ ፊደል ተቀርጾአል፤ ወንበሮቹ በተራቸው ሲቆሙ በማዕዱ ዙሪያ ከዳተኛ እንዳይኖር የሚለምን የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ። እንግዶቹ ወንበር ከተለዋወጡ ልመናው ይፈርሳል ማለት ነው!

በ1892 የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1897 በፓሪስ ሲሞት ርስቱን ለአካዳሚው ተናዘዘ፤ በምትኩ በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት ዝርዝር እንዲሠራለት አዘዘ። እስከ መጨረሻው ዝርዝር የሚወድ ሰው ነበረ። የተቀበረውም ከሚስቱ ጋር በዚያው ግንብ ቤት ጸሎት ቤት ሥር ነው። የብራና መጻሕፍቱ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ብዙዎቹም ፎቶግራፋቸው ተነሥቶ በኢንተርኔት ስለ ተለቀቁ፣ ግዕዝ የሚያነብ ተማሪ ደጀን ተቀምጦ ሊገልጣቸው ይችላል።