የቁስለኞች ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ

አምብሯዝ ፓሬ በፈረንሳይ አገር፥ ላቫል በምትባል ከተማ አጠገብ፥ በ1510 ዓመተ ምሕረት ገደማ ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ወላጆቹ ባለጠጎች አልነበሩም፤ እርሱም የላቲንን ቋንቋ ሳይማር አደገ። በዚያ ዘመን ግን በዚያ አገር ላቲን ያላወቀ ሰው ከሊቃውንት ሐኪሞች ጋራ አይቈጠርም ነበር።

ሊቃውንቱ ሐኪሞች መጽሐፍ አንብበው መድኃኒት ያዝዙ ነበር እንጂ ቁስልን በእጃቸው መንካት ክብራቸውን የሚያዋርድ ይመስላቸው ነበር። ቁስል ማጠብ፥ እባጭ መብጣት፥ ደም ማውጣትና ስብራት መጠገን የጠጕር ቆራጮች ሥራ ነበረ። ፓሬም ይህን ሥራ ተማረ። ከዚህ በኋላ ወደ ፓሪስ ሄዶ ኦቴል ዲዩ በሚባለው የድኾች ሆስፒታል ሦስት ዓመት ያህል አገለገለ። በዚያም ብዙ ዓይነት ደዌ በዓይኑ አየ፥ በእጁም ዳሰሰ፤ የላቲን መጻሕፍት ላልተከፈቱለት ለእርሱ የሕሙማን አልጋ መጽሐፍ ሆነለት።

በ1536 ዓመተ ምሕረት የፈረንሳይ ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ ዛሬ የጣልያን ግዛት ወደ ሆነው ወደ ፒዬሞንቴ አገር ጦር ሰደደ። ፓሬም ሞንቴዣን የሚባለውን የጦር አለቃ ተከትሎ የቁስለኞች አካሚ ሆኖ ዘመተ። በቱሪን ከተማ አቅራቢያ ብርቱ ጦርነት ሆነ፥ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው በጠበንጃ ጥይት ቈሰለ። ፓሬ ግን ከዚያ ቀን በፊት በጠበንጃ የቈሰለ ሰው ሲታከም አይቶ አያውቅም ነበር።

በዚያ ዘመን ጠበንጃ ገና አዲስ የጦር መሣሪያ ስለ ነበረ ሐኪሞች ባሩድ ሥጋን የሚመርዝ ይመስላቸው ነበር። የሮማው ጳጳስ ሐኪም የነበረው ጆቫኒ ዳ ቪጎ በ1514 ዓመተ ምሕረት ባሳተመው መጽሐፍ፥ መርዙ በእሳት ኀይል ካልጠፋ ቁስለኛው እንደማይድን ያስተምር ነበር። ስለዚህ ሳምቡከስ ከሚባል ዛፍ የተዘጋጀ ዘይት ያፈሉና እየፈላ ሳለ በቁስሉ ውስጥ ያፈስሱት ነበር። ፓሬም ይህን በመጽሐፍ አንብቦ ነበርና፥ ሕመሙ ምን ያህል እንደሚበረታ ስላወቀ፥ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሌሎቹ አካሚዎች የሚያደርጉትን ተመለከተ። ሁሉም ዘይቱን እያፈሉ ያፈስሱ ነበር፤ እርሱም እነርሱን ተከትሎ እንዲሁ አደረገ።

ነገር ግን ቁስለኛው እጅግ ስለ በዛ ዘይቱ አለቀ፥ ያልታከሙ ብዙ ሰዎችም ቀሩ። ፓሬም ባዶ እጁን ከመቆም ብሎ የእንቁላል አስኳልን፥ ጽጌ ረዳ አበባ የተዘፈዘፈበትን ዘይትና ከዛፍ ግንድ የሚንጠባጠበውን ተርፔንቲን የሚባለውን ሙጫ ቀላቅሎ ቅባት አዘጋጀ። ይህንም ሳያፈላ በቀሩት ሰዎች ቁስል ላይ ቀብቶ በጨርቅ አሰረላቸው።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልያዘውም። ዘይት ያላገኙት ሰዎች በመርዝ ሞተው እንዳያገኛቸው ፈራ፤ ቢሞቱም ጥፋቱ የእርሱ እንደሚሆን አሰበ። ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ሊጐበኛቸው ሄደ። በደረሰም ጊዜ ያየው ነገር ካሰበው ሁሉ የተለየ ሆነ። ቅባት የተቀቡት ሰዎች ሕመማቸው ጥቂት ነበረ፤ ቁስላቸውም አላበጠም፥ ሌሊቱንም ደኅና አርፈው ነበር። በሚፈላ ዘይት የታከሙት ግን ትኵሳት ይዟቸው፥ የቁስላቸው ዙሪያ አብጦ፥ በብርቱ ሥቃይ ላይ ነበሩ። ፓሬም ዳግመኛ ምስኪን ቁስለኛን እንዲህ በጭካኔ ላያቃጥል በልቡ ቈረጠ።

ይሁን እንጂ በአንዲት ሌሊት ባየው ነገር ብቻ አልረካም። ያ ነገር በድንገት የሆነ እንዳይሆን ብሎ በሌሎች ቁስለኞችም ላይ ደጋግሞ ተመለከተው። ሊቃውንት የጻፉትንና በዓይኑ ያየውን እያስተያየ፥ ሁለቱ በማይስማሙበት ቦታ ቁስለኛውን ምስክር አደረገው።

በዚያው ዘመን ሌላ ነገር ሆነ። ከሞንቴዣን ቤት የወጥ ቤት ብላቴኖች አንዱ ሊፈላ በቀረበ ዘይት ውስጥ ወድቆ ተቃጠለ። ፓሬም መድኃኒት ሊገዛ ወደ መድኃኒት ሻጭ ቤት በሄደ ጊዜ፥ በዚያ የነበረች አንዲት የገጠር ባልቴት ጥሬ ሽንኵርት ከጥቂት ጨው ጋራ ወቅጦ ቢያደርግበት ቃጠሎው ውሃ እንደማይቋጥር ነገረችው። ፓሬ ባልቴቲቱን አልናቀም፤ ምክሯንም ሰምቶ አደረገ። በማግሥቱም ሽንኵርት ያረፈበት ስፍራ ውሃ አልቋጠረም፥ ሌላው ስፍራ ግን ውሃ ቋጥሮ ተገኘ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ጀርመናዊ ወታደር ፊቱን ባሩድ ባቃጠለው ጊዜ፥ ፓሬ በአንደኛው የፊቱ ወገን ሽንኵርት፥ በሁለተኛው ወገን የተለመደውን መድኃኒት አድርጎ አስተያየ። አሁንም በሽንኵርቱ ወገን ውሃ አልቋጠረም። ሁለት መድኃኒቶችን በአንድ ሰው አካል ላይ ጐን ለጐን አድርጎ መመርመር በዚያ ዘመን የተለመደ ነገር አልነበረም።

በቱሪን ከተማም ለጥይት ቁስል በሚሠራው ቅባት ዝናው የወጣ አንድ አካሚ ነበረ፥ ምሥጢሩን ግን ለሰው አይገልጥም ነበር። ፓሬ ሁለት ዓመት ያህል ደጅ ጠንቶ፥ ስጦታም ሰጥቶ በመጨረሻ ምሥጢሩን አገኘ። ቅባቱ ቡችሎች በሱሰን አበባ ዘይት ተቀቅለው፥ የመሬት ትልና ተርፔንቲን ተጨምሮባቸው የሚሠራ ነበረ። ዛሬ ይህን የሚሰማ ሰው ይደነቃል። ነገር ግን ፓሬ እንዲህ ያለ ደጅ ጥናት ያገኘውን ዕውቀት እንደ ቱሪኑ ሰው በሣጥን አልቈለፈበትም።

በ1545 ዓመተ ምሕረት ስለ ጠበንጃ ቁስል አያያዝ መጽሐፍ አሳተመ። የጻፈውም በፈረንሳይኛ ነበር፤ በላቲን ቢሆን ኖሮ ቁስል በእጃቸው የሚያክሙት ጠጕር ቆራጮች ሊያነቡት ባልቻሉም ነበር። በ1552 ዓመተ ምሕረትም በዳንቪሊዬ ከበባ የአንድ ሰው እግር ሲቈረጥ፥ ደሙን ለማቆም ሥጋውን በጋለ ብረት በመተኰስ ፈንታ የደም ሥሮቹን በክር አሰረ። ከእርሱ አስቀድሞ ይህን የጻፉ የጥንት ሰዎች ነበሩ፤ ለተቈረጠ እግርና እጅ ግን እንዲሠራበት ያደረገ እርሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ክብሩ ከፍ አለ። ዳግማዊ ሄንሪን፥ ዳግማዊ ፍራንሷን፥ ዘጠነኛ ሻርልንና ሣልሳዊ ሄንሪን፥ አራት ነገሥታትን በተከታታይ አገለገለ። በ1554 ዓመተ ምሕረት ላቲን ሳያውቅ በፓሪስ በቅዱስ ቆዝሞስ ስም ወደሚጠራው የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ተቀበሉት። በ1575 ዓመተ ምሕረት ሥራዎቹን ሁሉ በአንድነት ባሳተመ ጊዜ የፓሪስ ሊቃውንት ሐኪሞች ተቃወሙት፥ እርሱ ግን አልተመለሰም። ቁስለኛ በዳነለትም ጊዜ የእርሱ ድርሻ ቁስሉን ማሰር ብቻ እንደ ሆነ፥ ፈውሱን ግን የሰጠ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይናገር ነበር። በ1590 ዓመተ ምሕረት በታኅሣሥ ወር በፓሪስ ዐረፈ።

ፓሬ ያላወቀው ነገር ብዙ ነበር። ቁስልን የሚያመግሉ፥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን እንዳሉ የተረጋገጠው እርሱ ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ሊስተርም ቁስልን ከእነዚህ የሚጠብቅበትን መንገድ ያሳተመ በ1867 ዓመተ ምሕረት ነው። ስለዚህ ዛሬ በቁስል ላይ የእንቁላል አስኳል፥ በቃጠሎም ላይ ጥሬ ሽንኵርት ማድረግ አይገባም። ቃጠሎ ወዲያው በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሀያ ደቂቃ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ቁስልም በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፤ የከፋውም ወደ ሐኪም ይወሰዳል። የፓሬ ቅባት ቢያረጅም ፓሬ ያስተማረው ሥርዐት አላረጀም።

እንግዲህ ይህን ታሪክ የሚያነብ ብላቴና ልብ ያድርግ። በየመንደሩ የዚህ ቅጠል ቁስል ያደርቃል፥ የዚያ ሥር እብጠት ያጐድላል የሚሉ ሽማግሎችና ባልቴቶች አይታጡም። ያልተማሩ ናቸው ብሎ ቃላቸውን መናቅ ትዕቢት ነው፤ ጥንት የተባለ ነው ብሎ ሳይመረምሩ በታመመ ሰው ቁስል ላይ መጨመርም ድፍረት ነው። ፓሬ የጳጳሱን ሐኪም መጽሐፍና የገጠሯን ባልቴት ምክር በአንድ ሚዛን መዘነ፤ ሚዛኑም የቁስለኛው ደኅንነት ነበር። የለመደው ሥራ ሰውን እንደ ጐዳ በተረዳም ጊዜ ትምህርቱን ለማስከበር ብሎ አልጸናበትም። ለቁስለኛ የሚራራ ሰው ከክብሩ ይልቅ እውነትን ይወድዳል፤ እውነትንም ባገኘ ጊዜ ለባልንጀራው አይሰውራትም።