ከይፋግ እስከ በርሊን፦ የግስ መምህሩ አለቃ ታዬ

ስፓኒሽ እንማራለን ብላችሁ ስልካችሁ ላይ አፕሊኬሽን የጫናችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይላል። ሰላምታ ነው፣ ቁጥር ነው፣ የምግብ ስም ነው። ከዚያ ግስ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ጥሎ የሚወጣው እዚህ ጋ ነው። አብሎ ማለት እናገራለሁ፣ አብላስ ትናገራለህ፣ አብላ ደግሞ ይናገራል ማለት ነው (ምሳ አብላ ማለት እንዳይመስላችሁ)። መነሻው አንድ ሆኖ ጫፉ በየሰዉ ይለዋወጣል።

ዛሬ ግስ ስለማርባት ስናወራ የምናነሳቸው ሰው ስፓኒሽ አላስተማሩም። የአካባቢያችን ሰው ናቸው፤ ግዕዝና አማርኛን ለጀማሪ ሲያስተምሩ ኖረው በርሊን ድረስ የሄዱት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም። ስማቸው ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የታሪክ መጽሐፋቸውን ነው። የሰዋስው መጽሐፋቸውን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው፣ እኛ ደግሞ ዛሬ እሱን ነው የፈለግነው።

ከደብረ ታቦር በወረታ አድርጋችሁ ወደ አዲስ ዘመን ስትሄዱ ይፋግን ታገኛላችሁ። ያኔ ነጋዴ ከየአቅጣጫው የሚገናኝበት ስመ ጥር ገበያ ነበር። አለቃ ታዬ የተወለዱት እዚያ ነው፣ በ1853 ዓ.ም.፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን። እሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ለንጉሡ ሴባስቶፖልን ያቀልጡ ነበር። ፈረንጅ ወደ እኛ አገር መጥቶ አማርኛ የሚማርበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ታዬ በኋላ የሄዱት በተቃራኒው መንገድ ነው።

በወጣትነታቸው ምጽዋ አጠገብ ወዳለችው ምንኩሉ ወረዱ። የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትና ማተሚያ ቤት እዚያ ነበር። ቦታው ቋንቋ የሚፈተግበት ቤት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱት ኦኔስሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖም እዚያው ሠርተዋል። ታዬ እዚያ ተምረው፣ አስተምረው፣ ወደ ደጋው ተመልሰው ደግሞ የአብነቱን ትምህርት ከነቅኔው ተማሩ። ሁለቱንም ወገን ማወቃቸው በኋላ ጠቅሟቸዋል፣ ጎድቷቸዋልም።

በ1889 ዓ.ም. ምንኩሉ ላይ መጽሐፈ ሰዋስው ታተመ። ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ግስን የሚማረው ከመምህሩ አፍ ነው፤ መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ተቀብሎ ይላል፣ ሌሊትም ይደግመዋል። ቀተለ (ገደለ) ብሎ ይነሳና በአሥሩ መደብ ያወርደዋል፦ ቀተለ፣ ቀተሉ፣ ቀተለት፣ ቀተላ፣ ቀተልከ፣ ቀተልክሙ፣ ቀተልኪ፣ ቀተልክን፣ ቀተልኩ፣ ቀተልነ። ታዬ የግዕዝን ሰዋስው በአማርኛ አስረድተው በታተመ መጽሐፍ አስቀመጡት። ዓመታት በቅኔ ቤት ማሳለፍ ያልቻለ ሰው ቢያንስ መሰላሉን የሚነካበት መንገድ አገኘ።

እዚህ ጋ ስፓኒሽ የከበዳችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስፓኒሽ ግሱን የሚያረባው በስድስት መደብ ነው፣ ግዕዝ ግን በአሥር። ስፓኒሽ አንተን ከአንቺ፣ እሱን ከእሷ በግሱ ላይ አይለይም። ባለቤቱን ግስ ውስጥ መሸጎጡም ለእኛ አዲስ አይደለም፤ እኛም እኔ ሳንል መጣሁ እንላለን። ይህን እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው እንደ አዲስ ነው የሚለምደው፣ የአማርኛ ተናጋሪ ግን ከእናቱ ጋር ተምሮታል።

ወደ ታዬ እንመለስ። በ1905 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የጀርመን መንግሥት በርሊን ላለው የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት መምህር ፈለገ፤ አፄ ምኒልክም አለቃ ታዬን ላኩ። ሦስት ዓመት ገደማ አማርኛና ግዕዝ አስተማሩ። (በዚያው ዘመን ሌላው የጣና ዳር ልጅ፣ የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ ኔፕልስ ላይ ለጣሊያኖች አማርኛ ያስተምሩ ነበር። ሁለቱም ከአንድ ሐይቅ ዳር መሆናቸው ሁሌ ይገርመናል።)

ጀርመኖች ግዕዝ አልጎደላቸውም ነበር። ሉዶልፍ የተባለው ሊቅ ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ በ17ኛው መቶ ዘመን ሰዋስው ጽፏል፤ ዲልማን በ1857 ትልቁን ሰዋስው፣ በ1865 ደግሞ መዝገበ ቃላቱን አሳትሟል። የጎደላቸው ድምፁ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። አለ ብላችሁ ጻፉ፦ ተናገረ ነው ወይስ አሁንም ይኖራል? አፋችሁ ያውቀዋል፣ ወረቀቱ አያውቀውም። በግዕዝም እንዲሁ ቀተለ ይላላል፣ ቀደሰ ይጠብቃል። ሁለቱም ሦስት የግዕዝ ፊደል ናቸው፤ የሚለያዩት ግን በየራሳቸው የእርባታ ቤት ነው። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው መገመት እንጂ መስማት አይችልም።

ስፓኒሽም ይህ ጣጣ አለበት። አብሎ ሲባል ኃይሉ መጀመሪያው ላይ ካረፈ እናገራለሁ ነው፤ መጨረሻው ላይ ካረፈ ተናገረ ይሆናል። ልዩነታቸው ስፓኒሾች መጨረሻው ላይ ምልክት ጣል ያደርጋሉ፣ እኛ አናደርግም።

በርሊን ላይ አብሯቸው ይሠራ የነበረው ኦይገን ሚትቮኽ የሚባል ወጣት ምሁር ነበር። አለቃ ታዬ ያነባሉ፣ እሱ ያዳምጣል፣ የቱ እንደሚጠብቅና የቱ እንደሚላላ ይመዘግባል። መጽሐፍ የጻፉት መምህር እዚያ ደርሰው ዋናው ሥራቸው እንደ ቅኔ ቤቱ መምህር ጮክ ብሎ ማንበብ ሆነ።

አገር ሲመለሱ ነገሩ ቀላል አልሆነም። በሚሲዮን ተምረዋልና ሃይማኖታቸው ይጠረጠር ነበር፤ ተከሰው ታስረዋልም። የቤተ ክህነቱን ትምህርት ጠንቅቀው ማወቃቸው ከክስ አላዳናቸውም፣ እንዲያውም ክርክሩን ሳያጋግለው አልቀረም። እስከ መጨረሻው ግን መጻፋቸውን አልተዉም። የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ አስመራ ላይ በ1914 ዓ.ም. ታተመ። ዛሬ በየገጹ ተቆርጦ የሚለጠፈውና የሚያከራክረው ይሄ ነው፤ የሕዝብ አመጣጥ የሚተርክበት ክፍል በእኛም ዓይን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ሰዋስዋቸው ላይ ግን እንዲህ ያለ ክርክር አላየንም።

አለቃ ታዬ በ1916 ዓ.ም. አረፉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1926 እንደ ፈረንጆቹ፣ ሚትቮኽ የግዕዝን የአገር ቤት አነባበብ የሚያስረዳ መጽሐፍ በርሊን ላይ አሳተመ። እዚያ ውስጥ ቀተለ ሲላላ፣ ቀደሰ ሲጠብቅ የሚሰማው የይፋጉ ሰው ድምፅ ነው።