ቅዱስ ያሬድ ማሕሌታይ፤ ከበሮው ከመመታቱ በፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን ቤተ ክርስቲያናችን የማሕሌታዊውን የቅዱስ ያሬድን በዓል ታከብራለች። የዚህ ቅዱስ ስም በተነሣ ጊዜ ለአብዛኞቻችን ወዲያው ትዝ የሚለን የከበሮው ድምፅ፣ የጸናጽሉ ቃና፣ የመቋሚያው ዝማሜ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን የሕይወቱን ታሪክ ከገድሉና ከስንክሳሩ፣ የዜማውን ሥርዓት ደግሞ ከሊቃውንቱ ትምህርት አያይዘን ስንመረምረው አንድ ቁም ነገር ጎልቶ ይታየናል። ይኸውም በያሬዳዊ ሥርዓት የምቱ ልክና የዜማው ጊዜ በመሣሪያ ከመገለጹ በፊት በሰውየው ጆሮ፣ ትንፋሽና ልብ ውስጥ መቀረጽ ያለበት መሆኑ ነው። በስደት ምድር ልጆቻችንን ለማሕሌት ለማብቃት ለምንጥር ለእኛ ነገሩ ከታሪክነቱ አልፎ መመሪያ ስለሚሆነን፣ በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱን ከዚሁ አንጻር ልናወሳ ወደድን።

ልደቱና የልጅነት ትምህርቱ

ቅዱስ ያሬድ በሊቃውንቱ ትውፊት መሠረት ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ተወለደ። አባቱ አዳም፣ እናቱም ታውክልያ ይባላሉ። ገና ሰባት ዓመት ሲሆነው አባቱ ስላረፈ፣ እናቱ በአክሱም ጽዮን መምህር ለነበሩት ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን አደራ ሰጠችው።

ዛሬ የዜማ አባት ብለን የምንጠራው ይህ ሰው በልጅነቱ ትምህርት የማይገባው ተማሪ ነበር። የተማረውን ለመያዝ አልቻለም፤ ጓደኞቹ መዝሙረ ዳዊትን ሲወጡ እርሱ ወደ ኋላ ቀረ። ተሳለቁበት፤ መምህሩም በዘመኑ ልማድ ገረፉት። በመጨረሻም ምሬቱ ስለ በዛበት ከአጎቱ ቤት ኮብልሎ ከአክሱም ወጣ።

ታሪኩ እንደሚነግረን፣ ማይ ኪራህ በተባለው ቦታ ከውኃ ምንጭ አጠገብ ካለ ዛፍ ሥር ለዕረፍት ተቀመጠ። በዚያም አንድ ትል የዛፉን ፍሬ ሊበላ ግንዱን ሲወጣ ተመለከተ። ትሉ ከመካከል ሲደርስ ወደቀ፤ ዳግመኛ ወጣ፤ ዳግመኛም ወደቀ። በትውፊቱ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከፍሬው ደርሶ በላ። ያሬድም በዚህ ልቡ ተነክቶ አለቀሰ፤ ወደ መምህሩም ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ እንደ ገና ያስተምሩትም ዘንድ ለመነ። አባ ጌዴዎንም ተቀብለው ጸለዩለት። ከዚያ ወዲያ ብሉይንና ሐዲስን፣ መዝሙረ ዳዊትንም ፈጥኖ አወቀ፤ በ14 ዓመቱም ማዕርገ ዲቁና ተቀበለ። አጎቱ ካረፉ በኋላ በወንበራቸው ተተክቶ ያስተማረውም እርሱ ነው።

ይህን ታሪክ ለሕፃናት ስንነግር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትዕግሥት ብቻ እንናገራለን። ዜማ ያጠና ሰው ግን ሌላም ነገር ያስተውልበታል። ትሉ ግንዱን በአንድ ጊዜ አልዘለለም፤ ያንኑ መንገድ ደጋግሞ ተመላለሰበት እንጂ። ቀለምም ሆነ ምት በሰው ውስጥ የሚያድረው በዚሁ መንገድ ነው። ያንኑ ደጋግሞ በማለት፣ ከወደቁበት ተነሥቶ ከመጀመሪያው በመያዝ፣ አካሉ ሳያስበው እስኪሄድበት ድረስ በመልመድ ነው።

ዜማው በአክሱም ጽዮን

እግዚአብሔርም ምስጋናውን በምድር ሊያቆም በወደደ ጊዜ ከገነት ሦስት አዕዋፍን ላከለት። አዕዋፉ በግዕዝ ቋንቋ አነጋገሩት፤ ወደ ሰማያዊቱ ኢየሩሳሌምም አደረሱት። በዚያም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማሕሌት ሰማ። ተመልሶም በአክሱም ጽዮን በሦስት ሰዓት በታላቅ ድምፅ አዜመ። ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ካህናቱ፣ ሕዝቡም ሁሉ ድምፁን ሰምተው ተሰበሰቡ፤ ሲሰሙትም ዋሉ።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ገድሉ በመጀመሪያ ያሬድ ሰማ ይለናል፤ ቀጥሎም አዜመ ይላል። ትምህርቱ በጆሮ ተጀመረ፤ በድምፅ ተገለጠ። የተሰበሰበው ሕዝብም የተማረከው በሰው ድምፅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉት ሦስት ዜማዎች የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት ሁሉ በየወቅታቸው አዘጋጀ። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት አምስቱ የዜማ መጻሕፍት የእርሱ ድርሰቶች ናቸው። ዝማሬን የደረሰው በጋይንት በዙር አምባ መሆኑን ትውፊቱ ይናገራል፤ ዙር አምባም ከዚያ ጀምሮ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆና ኖራለች።

የንጉሡ ጦር

የዐፄ ካሌብ ልጅ ዐፄ ገብረ መስቀል ቅዱስ ያሬድን እጅግ ይወድደው ነበር። ከዕለታት በአንዱ ቀን ቅዱሱ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ በእጁ የያዘውን ጦር ሳያውቅ በቅዱሱ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ። ንጉሡ አላየም፤ ያሬድም አልተሰማውም። ማሕሌቱ እስኪፈጸም ድረስ ሁለቱም በዚያው ተመስጦ ቆዩ። ከተፈጸመ በኋላ ንጉሡ ደሙን አይቶ ደነገጠ፤ ጦሩንም ነቅሎ የደሙን ዋጋ የፈለገውን ሁሉ እንዲለምነው ጠየቀው።

ይህ ታሪክ በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ተሥሎ የምናየው ነው። እግር በዜማ ጊዜ የሚረግጥ፣ ልክን የሚጠብቅ የአካል ክፍል ነው። የያሬድ እግር ግን በጦር ተወግቶ ሳለ ዜማው ከልኩ አልወጣም። የዜማው ሚዛን ያረፈው ከእግሩ ይልቅ በጥልቁ በልቡናው ነበርና።

ከመሣሪያው በፊት ያለው ትምህርት

አሁን ወደ ሥርዓቱ እንምጣ። በበዓል ቀን ማሕሌት የቆመ ሰው እንደሚያውቀው አንድ ቀለም በአንድ መልክ ብቻ ተብሎ አያበቃም። አስቀድሞ በቁም ዜማ ይባላል። በዚህ ጊዜ መሣሪያ ዝም ይላል፤ መቋሚያውም ጸጥ ብሎ ይቆማል። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዘነብላሉ፣ ዝቅና ከፍ ያደርጋሉ፤ ከበሮው ግን ገና ነው። ከዚያ በኋላ በመረግድ ጸናጽሉና ከበሮው ይገባሉ፤ በመጨረሻም በጽፋት ምቱ ይፈጥናል፣ እጅ ይጨበጨባል፣ ሕዝቡም በእልልታ ይቀበላል።

ይህ ቅደም ተከተል ራሱ ትምህርት ቤት ነው። በቁም ዜማ ጊዜ እኩል እኩል የሚመታ ነገር የለም፤ ጊዜውን የሚወስኑት ቃሉና ትንፋሹ ናቸው። የት እንደሚረዝም፣ የት እንደሚያርፍ፣ የት እንደሚፈጥን የሚያውቀው በቃሉ ያጠናው ሰው ነው። በዝማሜ ያ በውስጥ የነበረው ልክ ወደ ክንድና ወደ ትከሻ ይወጣል፤ በዓይን የሚታይ ይሆናል። ከበሮው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ከበሮ መቺው አዲስ ነገር አይፈጥርም፤ ማኅበሩ ሁሉ አስቀድሞ በውስጡ የያዘውን ልክ በድምፅ ይገልጣል እንጂ።

የዜማው ምልክቶችም ይህንኑ ያስረዳሉ። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት ስምንቱ ናቸው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉት ሊቃውንት ሥርዓቱን እንዳደራጁና ድርስንና አንብርን እንደ ጨመሩ ይነገራል። ሊቃውንቱ ምልክቶቹን ከጌታችን ሕማም ጋር ያያይዟቸዋል፤ ይዘት መያዙን፣ ሂደት ወደ ፍርድ መወሰዱን፣ ጭረት ግርፋቱን፣ ርክርክ የደሙን መንጠብጠብ ያስታውሳል። እንግዲህ ድምፁን የሚይዝ፣ የሚያስኬድ ወይም የሚቆርጥ ዘማሪ ጊዜ መቁጠር ብቻ አይደለም ሥራው፤ የሚያስበውም ነገር አለው። ከምልክቶቹ ሌላ ከቃሉ በላይ በደቃቅ የሚጻፉት ፊደላት ደግሞ አስቀድሞ የተጠና ዜማን የሚያስታውሱ ናቸው። ዜማውን በጆሮው ሰምቶ በቃሉ ያልያዘ ሰው መጽሐፉን ከፍቶ ቢያያቸው ምንም አይነግሩትም።

የሀገራችን የዜማ ቤቶችም በዚሁ መንገድ ኖረዋል። የቆሎ ተማሪው ቀን ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ የተቀበለውን ሌሊት በጨለማ በቃሉ ይደግመዋል፤ መንገድ ሲሄድ፣ እንጨት ሲለቅም፣ ለምኖ ሲመለስ በአፉ ያዜመዋል። ድጓውን በቤተልሔም ሥርዓት ወይም በሌላው ተምሮ ከጨረሰ በኋላ ነው ወደ አቋቋም ቤት የሚሻገረው። በአቋቋሙ ትምህርት የታወቀችው ጎንደር ናት፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት ስልቶችም ከዚያ ወጥተዋል። ተማሪው ከበሮውን በሚገባ ከመጨበጡ በፊት የዜማውን ልክ በድምፁ፣ በእግሩና በመቋሚያው ለብዙ ጊዜ ተመላልሶበታል።

ከበሮውም ቢሆን ዝም ብሎ የሚደበደብ ዕቃ አይደለም። ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ አፉ የትስብእት፣ ጠፍሩም የጌታችን የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ መሆኑን አባቶቻችን ያስተምራሉ። ይህን የሚያውቅ እጅ ዜማውን ለመሸፈን አይመታም።

ወደ ስሜን

ዐፄ ገብረ መስቀል ለቅዱስ ያሬድ የፈለገውን ሊሰጠው በማለ ጊዜ፣ ቅዱሱ ሹመትም ወርቅም አልጠየቀም። የለመነው ወደ ገዳም ሄዶ ይመንን ዘንድ እንዲያሰናብተው ነበር። ንጉሡ እጅግ አዘነ፤ ሆኖም ስለ ማለ ሊከለክለው አልቻለም። ቅዱስ ያሬድም በአክሱም ጽዮን በታቦቷ ፊት ቆሞ እመቤታችንን አመሰገነ፤ አንቀጸ ብርሃን የተባለውንም ምስጋና ያን ጊዜ ደረሰ። ከዚያ ተሰናብቶ ወደ ስሜን ተራሮች ሄደ። በዚያ በብርድና በጾም፣ በጸሎትና ደቀ መዛሙርቱን በማስተማር ኖሮ ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. በ66 ዓመቱ እንደ ተሰወረ አበው ይናገራሉ።

አክሱም ጽዮንን የሚያህል ደብር፣ ንጉሥን የሚያህል ወዳጅ ትቶ ሲወጣ ዜማውን ይዞት ሄደ። ዜማው በውስጡ ነበርና በስሜን ብርድ አልቀረበትም። ደቀ መዛሙርቱም ከአፉ ተቀብለው ለተከታዮቻቸው አስተላለፉት፤ እስከ እኛም ደረሰ።

እኛስ?

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በስደት ያለን ብዙዎቻችን የምንጸልየው በኪራይ ቤት ነው። አንዳንዱ አዳራሽ በሌሊት ከበሮ አይፈቀድበትም፤ በአንዳንዱ ሀገርም ድምፅን ከፍ ማድረግ አይቻልም። ሊቃውንቱ ጥቂት ናቸው፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። ልጆቻችን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው የሚሮጡት ወደ ከበሮው ነው። ፍቅራቸው ደስ ያሰኘናል፤ ነገር ግን ዜማውን ሳይዝ ከበሮ የያዘ ልጅ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ማኅበሩንም አብሮ ያስሮጣል፤ ቃሉ ይዋጣል፤ ጸሎቱም ጩኸት ይሆናል።

ስለዚህ በቅዱስ ያሬድ መንገድ እንምራቸው። ልጁ አስቀድሞ ቃሉን በንባብ ይወቅ፤ የት ትንፋሽ እንደሚወስድ ይረዳ። ቀጥሎ ከካህኑ ወይም ከመሪጌታው አፍ ሰምቶ በቁም ዜማ ይበለው፤ በቤቱና በመንገዱ ይደጋግመው። በእርምጃው ልኩን ይሞክረው፤ እየተራመደ ሲያዜም ድምፁ እግሩን ቀድሞ እንዳይሮጥ፣ ወደ ኋላም እንዳይጎተት ይጠብቅ። ከዚያም መቋሚያ ይዞ በዝማሜ ይለማመድ። አንዳንድ ጊዜም ዜማውን በልቡ ብቻ እያለ በዝምታ ይከተል፤ ሌሎቹ ሲያዜሙ በትክክለኛው ቦታ ላይ ገብቶ ቢገኝ፣ ልኩ በውስጡ እንዳደረ ያን ጊዜ ይታወቃል። ከበሮውን ከዚህ በኋላ ስጡት። ለዚህ ሁሉ ሰፊ አዳራሽ አያስፈልግም፤ ጎረቤትንም አያውክም። የምሽት ሥራ ላይ ያለች እናት፣ በባቡር የሚመላለስ አባት፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ሁሉ ሊያደርገው ይችላል።

ከሀገር ስንወጣ ብዙ ነገር ትተን መጥተናል። በአፍና በልብ የተያዘውን ግን ማንም በድንበር አልፈተሸብንም። ያን ለልጆቻችን በሥርዓቱ ካላስረከብን፣ ነገ ያማረ ከበሮ በቤተ ክርስቲያናችን ተሰቅሎ ይኖራል፤ ምን እንደሚመታበት የሚያውቅ ግን አይገኝም። ከዚህ ይሠውረን።

የአባታችን የቅዱስ ያሬድ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።