የልዕልት አሊስ ሕይወትና ስደት

የእንግሊዝ ንግሥት የዳግማዊት ኤልሳቤጥን ባል ልዑል ፊሊፕን፣ በ1965 ከንግሥቲቱ ጋር አገራችንን በጎበኙ ጊዜ ያዩዋቸው አያቶቻችን ብዙዎች ናቸው፤ እናታቸውን ልዕልት አሊስን የሚያውቅ ግን ጥቂት ስለ ሆነ፣ የእርሳቸውን ታሪክ ለመጻፍ መረጥሁ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ልዕልት አሊስ በ1885 በዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ ቅድመ አያታቸው ንግሥት ቪክቶሪያ ባሉበት ተወለዱ። ጆሯቸው ከልደት ጀምሮ አይሰማም ነበር፤ ሆኖም በእናታቸው ትጋት የሰውን ከንፈር እያዩ ንግግሩን ማወቅ ተማሩ፤ ያውም በአንድ ቋንቋ ብቻ አይደለም። እኛ የሚሰማ ጆሮ ይዘን እንግሊዝኛ ከበደን እንላለን!

በ1903 የግሪኩን ልዑል አንድሬያስን አግብተው አራት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ። በባልካን ጦርነት ጊዜም ቁስለኞችን አስታመሙ።

በ1917 የባላቸው ወንድም ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ከዙፋን ሲወርዱ ቤተ ሰቡ ወደ ስዊስ ተሰደደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቢመለሱም፣ በ1922 የግሪክ ጦር በቱርኮች ድል ስለ ተመታ ጥፋቱ በአዛዦቹ ላይ ተጣለ፤ ልዑል አንድሬያስም በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው ከአገር ተባረሩ። የእንግሊዝ የጦር መርከብ መጥቶ ሲወስዳቸው፣ ዓመት ተመንፈቅ የሆነው ፊሊፕ የተኛው በብርቱካን ሣጥን ውስጥ ነበር። ከዚያም በፓሪስ አጠገብ ዘመድ ባዋሳቸው ቤት ተቀመጡ።

በ1930 ልዕልቲቱ አእምሯቸው ታሞ ያለ ፈቃዳቸው ስዊስ አገር ሆስፒታል ገቡ። አራቱም ሴቶች ልጆቻቸው እናታቸው በሰርጉ ሳይገኙ ተዳሩ፤ ፊሊፕም ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ዘመዶቹ ሄደ። ለእኔ ከስደቱ ሁሉ ይህ የከበደ ይመስለኛል፤ ሌላው ከአገር መለየት ነበር፣ ይህኛው ግን ከገዛ ልጆች ነው። በ1937 ደግሞ ልጃቸው ሴሲሊ ከባልዋና ከሁለት ወንዶች ልጆችዋ ጋር በአውሮፕላን አደጋ ሞተች።

በ1938 ብቻቸውን ወደ አቴና ተመለሱ። ጦርነቱ ሲመጣ አማቾቻቸው በጀርመን ወገን፣ ልጃቸው በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ተሰለፉ። ልዕልቲቱ ለተራቡ ሰዎች ምግብ ያድሉ ነበር። በ1943 ጀርመኖች አይሁዶችን ሲያድኑ፣ ባላቸው የሞቱባቸውን ወይዘሮ ኮኸንን ከልጆቻቸው ጋር በቤታቸው ሸሸጉ። የጌስታፖ ሰዎች ተጠራጥረው ሊመረምሯቸው በመጡ ጊዜ፣ ከንፈር ማንበብ የሚያውቁት ሴት ደንቆሮነታቸውን ምክንያት አድርገው ምንም እንዳልገባቸው ሆኑ! ቤተ ሰቡም ጀርመኖች አቴናን እስከ ለቀቁበት እስከ 1944 ድረስ በደኅና ቆየ።

ከጦርነቱ በኋላ የመነኩሲት ልብስ ለብሰው የደናግል ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1953 በንግሥቲቱ የዘውድ በዓል ላይም የተገኙት በዚሁ ልብስ ነው። በ1967 በግሪክ የጦር መኰንኖች መንግሥቱን ሲይዙ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰደው ወደ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ በ1969 በቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ዐረፉ።

ዐፅማቸው በኑዛዜያቸው መሠረት በ1988 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ በደብረ ዘይት ተቀበረ። በ1994ም ልዑል ፊሊፕ ከእኅታቸው ከሶፊ ጋር ወደዚያው ከተማ ሄደው፣ የኮኸንን ቤተ ሰብ ስለ ማዳናቸው እስራኤል ለእናታቸው የሰጠችውን ክብር ተቀበሉ።